ነጩ ሳጥን

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ 27 ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አማረች ኮሙናሉ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። ኮሙናሉ ግቢው ውስጥ ያለ የነዋሪው የጋራ ቤት ሲሆን፣ ማጠቢያ ገንዳ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሥራዋ ቆሟል።

አራተኛ ፎቅ የተከራየችው ናፍቆት ግን ፀጉሯን ታጥባ፣ ዘንጣ ትወርዳለች። ይሄስ ይሁን! ጄሪካኗን ከቦቴው እስከ ደጃፏ የሚሸከምላት የአማረች ባል ወንድዬ ነው።

«እኔ ስጠይቅህ ወገቤን ትላለህ!»

«ፓምፑ ለምን እንደቆመ የምትጠይቅ እሷ ብቻ ናት» አለ ወንድዬ። «አንቺም የፓምፑን ቁልፍ የያዘውን ሰውዬ ጠይቂ።»

«ፓምፕ ፍለጋ ነዋ አራተኛ ፎቅ የምትመላለሰው!» አለች አማረች በቅናት።

በማግስቱ የብሎኩ ቴሌግራም ላይ አንድ ፎቶ ተለቀቀ። ናፍቆት ለኢንተርኔት ብላ ጣሪያ ላይ ያሰቀለችው ነጭ ሳጥን ነው። «ይህ ሳጥን በጨረር ውሃችንን እያደረቀ ነው። የውጭ ሰዎች ሙከራ ነው። ሼር አድርጉ!»

አማረች አመነች። እውነቱን ለመናገር፣ ማመን ፈልጋ ነበር። እዚያው ቆማ ለአሥራ አንድ ሰው ላከችው።

ከሰዓት በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ፈቀደ የቁልፍ ዘለላቸውን እያንቃጨሉ መጡ።

«አማርዬ፣ ሰው አንቺን ይሰማል። ሳጥኑ እንዲወርድ ፊርማ አሰባስቢልን።»

ሦስት ወረቀት ሰጧት። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ ይላል።

«ከላይ ምንም አልተጻፈበትም እኮ፣ ጋሼ?»

«ማመልከቻውን እኔ አስተይቤ አያይዘዋለሁ። አንቺ ብቻ ቶሎ በይ።»

አማረች መጀመሪያ ራሷ ፈረመች፣ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ በር ለበር ዞረች፤ አርባ ሦስት ሰው አስፈረመች። ወንድዬ አልፈርምም ሲላት ሁለት ቀን ኩርፊያ ሆነ።

ማታ ናፍቆት ወረቀት ይዛ አንኳኳች። «እትዬ አማረች፣ አንድ ደቂቃ፣ ስለ ኮሙናሉ ነበር…»

«የባሌ አልበቃ ብሎሽ ደግሞ ኮሙናሉ!» በሩን ጠረቀመችባት።

ዓርብ ዕለት ሳጥኑ ወረደ። አከራይዋም ናፍቆትን አስወጣቻት፤ ዕቃዋ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ወንድዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ሲያይ፣ አማረች እልል ለማለት ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ተንፈቀፈቀና ውሃ መጣ።

«ይኸው! ምን ብዬህ ነበር?» አለችው ባሏን። የሦስት ሳምንት ልብስ በሳፋ ተሸክማ፣ እየሮጠች ወረደች።

ኮሙናሉ አዲስ የብረት በር ተገጥሞለታል። የማታውቀው ዘበኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«እናት፣ የግል ነው፣ አይገባም» አላትና በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በዱላው አሳያት።

«እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የብሎክ 27 ነዋሪዎች፣ የጋራ ቤታችን ለግል ባለሀብት እንዲተላለፍ ተስማምተናል» ይላል፤ ከሥሩ አርባ አራት ሰው ፈርሟል፣ ተራ ቁጥር አንድ አማረች።