አሥራ አንድ ነጥብ

ሄዘል የባሏን የመጨረሻ ማንኪያ ክሯ ላይ አሰረች። የናስ የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ ቅርጹን አይተው ማንኪያ ይሉታል። ሮይስ በየክረምቱ አንድ በመዶሻ ይሠራ ነበር። በጀርባው የስሙን መነሻ ፊደል፣ ከሥሩም ነጥብ ይመታበታል። የመጀመሪያው ክረምት ማንኪያ አንድ ነጥብ ነበረው፣ የሁለተኛው ሁለት። ይኼኛው አሥራ አንድ አለው። አሥራ ሁለተኛውን ሳይሠራ ሶልዳክ ወንዝ በላው።

ይህ ከሆነ ሦስት ክረምት አለፈ። አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙ ዌንደል ጀልባዋ ተገለበጠች ብሎ ለብቻው ተመለሰ። ሄዘል ትከሻው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሹራቡ ደረቅ እንደነበር ትዝ ያላት ግን ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። አስከሬኑም አልተገኘም።

ያልቀበረ ሰው ደግሞ እርሙን አያወጣም። የኮቱን እራፊ እንኳ ቢይዝልኝ እያለች ማንኪያውን በየቀኑ እዚያው ጥልቁ ላይ ትወረውራለች። ዌንደልም ዘንግ ሳይዝ እየመጣ ከኋላዋ ይቆማል።

"ይብቃሽ እንጂ እቱ" አላት ያን ቀን። "ውሃ የወሰደውን አይመልስም።"

"ምን እንዳላገኝ ነው የምትጠብቀኝ?"

ዌንደል ዓይኑን ወደ ጥልቁ መለሰ።

ማንኪያው ከሥር ጠጠሩን እየዳሰሰ በዝግታ ሲዞር አንድ ነገር ነካ አደረጋት። እጇ አልቸኮለም። ሲነካሽ አትጎትቺ፣ ጀርባውን ሰጥቶ እስኪሄድ ጠብቂ፣ ይላት ነበር ሮይስ። ጠበቀች። ዘንጉ ጎበጠ።

ስቲልሄድ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከባሕር ሽቅብ የሚወጣው ጉልበተኛ ዓሣ። ክሩን እየተረተረ ቁልቁል ሸሸና ከውሃው ዘለለ። አፉ ላይ ሁለት ነገር አብለጨለጨ። የዌንደል ፊት አመድ መሰለ።

"ክሩን በጥሺው" አለና ቢላዋውን መዘዘ።

"አንድ እርምጃ ብትጠጋ ተከትዬው እገባለሁ።"

ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበረች፤ የምሯንም ነበር። ዌንደል ቢላዋውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ሄዘል፣ ስለ እግዜር ብለሽ አትዪው።"

ሲሮጥ እየለቀቀችለት፣ ሲደክመው እየጠቀለለች ሩብ ሰዓት ታገለችው። ጣቶቿ ደንዝዘው የራሷ አልመስል አሏት። በመጨረሻ በጎኑ ተጋደመና ወደ ዳር ሳበችው። ሆዱ ላይ የባሕር ቅማል ተለጥፏል፤ ወንዝ በገባ በሁለት በሦስት ቀን የሚረግፈው። መንጋጋው ላይ ከእሷ ማንኪያ ጎን ሌላ የናስ ማንኪያ ተሰክቷል፣ ከነብጣሽ ክሩ።

ነቅላ ገለበጠችው። የሮይስ ፊደል ነው። ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ ማንኪያውን ደረቷ ላይ አድርጋ አነባች። ሦስት ክረምት የለመነችውን ወንዙ ሰጣት።

"ገደልከው" አለችው ዌንደልን።

ዌንደል ቀና ብሎ አላያትም። ሄዘል ከፊደሉ ሥር ያሉትን ነጥቦች በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች፤ አላመነችምና ደግማ ቆጠረች።

አሥራ አራት ነበሩ።