ያልመጣው ድምፅ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። የተበላሸ አምፕሊፋየር ሲያመጡለት ገና ሳይፈታው ያዳምጠዋል። «ይቺ ስፒከሯ ናት» ይላል፤ ሲፈታው እንዳለው ይሆናል። ሌላ ሌላው ላይ ደግ ሰው ነው፤ በድምፅ ከመጡበት ግን እናቱንም አይምርም።

አንድያ ልጁንም አልማረውም።

ልጁ ጊታር ይመታ ነበር። አባትየው በወጣትነቱ ያበደለት አንድ የሮክ ዘፈን አለ። ከበሮው ከመግባቱ በፊት ጊታሩ ብቻውን ያለቅሳል። ልጁ ያንን መግቢያ ልክ እንደ ካሴቱ አድርጎ ለማምጣት ደፋ ቀና ሲል ከረመ። አባትየው ካሴቱን ከሰማው ብዙ ዘመኑ ነው፤ ቢሆንም ድምፁ በልቤ አለ ባይ ነው። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ሲሞክር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥና በሩን በጡጫ ይደበድበዋል።

«አልመጣም!»

ልጁም ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ቀን የጊታሩን አምፕ ተሸክሞ አባቱ መጠገኛ ሱቅ ድረስ መጣ።

«አባዬ፣ ስፒከሩ ተቀደደብኝ። እባክህ ሥራልኝ።»

«መጀመሪያ አንተ ተሠራ!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ልጁም አብሯቸው ሳቀ፤ አምፑን ተሸክሞ ተመለሰ። ክረምቱ ሳይወጣ፣ ዝናብ ሲጥል መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ተከፈተ የሚባለው ለስሙ ነው። ሰውዬው ከልጁ ቴፕ ውስጥ ካሴቱን አወጣ። ራሱ ከሙዚቃ ቤት የገዛው፣ የባንዱ ስም የታተመበት ካሴት ነው። ጠርዙ ላይ፣ ሌላ እንዳይቀዳበት የተተወችው ቀዳዳ ላይ፣ ትንሽ የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፋለች። ሊነቅላት ጥፍሩን ሰደደና ተዋት፤ የልጁ እጅ ያረፈባት ናት።

መልሶ አስገብቶ አጫወተው። መጀመሪያ ላይ ወንበር ሲጥ ይላል፤ ከዚያ ጊታሩ ይገባል። ሰውዬው ባለበት እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ይኸውልሽ» አላት ሚስቱን፣ «ይሄ ነው ያልመጣለት። ስፒከሩን ሠርቼለት ቢሆን ያመጣው ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

«ተው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ። ልጄ አሁን ምን ይሰማል ብለህ ነው?»

«ሞቼ እገኛለሁ! አንዴ አምጥቼለት ይቅር በለኝ ሳልለው አልተኛም።»

እሱም በወጣትነቱ ጊታር ይነካካ ነበርና የልጁን ጊታር አንስቶ ጀመረ። አዲስ ስፒከር ገጠመ፤ ድምፁ ጠራ፣ ለቅሶው ግን ጠፋ። ቀጮ የሚሉት የሆቴል ጊታሪስት አለ፤ የልጁ ወዳጅ ነበር። የራሱን ውድ አምፕ አምጥቶለት፣ የጊታሩንም ክሮች በአዲስ ቀየረለት።

«ጋሼ፣ ትልልቆቹ የሚጠቀሙት ይሄንን ነው።»

«ትልልቆቹ ይጠቀሙበት እንጂ ይሄ አይደለም።»

ቀጮ ሆዬ አልተቀየመም። የሰውዬው ጉንጭ ከቀን ወደ ቀን ሲጎደጉድ እያየ ምኑን ይቀየማል?

ሰውዬው አንድ ከሰዓት ተስፋ ቆርጦ የተቀደደውን ስፒከር መልሶ ገጠመ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ብድግ አለ።

«ቀጮ! ባንዶቹም የተቀደደ ስፒከር ነበር የያዙት!»

«ወይ ጉድ! ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ።»

የልጁን አሮጌ ክሮች ከጣሉበት ለቅሞ መልሶ ወጠረ። ድምፁ ወደ ካሴቱ ይበልጥ ቀረበ። ልጁ ከፕላስቲክ ቆርጦ የሠራትን መምቻ ያዘ፤ አሁንም ቀረበ።  ልጁ ሁሉም ነገር በእጁ ነበረ ማለት ነው። የአባት አንድ ቃል ብቻ ጎድሎት።

ካሴቱን ሲሰማ ልማድ አለው። የመጨረሻዋ ድምፅ እየሳሳች መሄድ ስትጀምር ቴፑን ቀጭ አድርጎ ወደ ኋላ ያጠነጥናል።

«ኧረ አንድ ቀን እንኳን ዘፈኑን አስጨርሰው፤ አሰለቸኸን» ትለዋለች ሚስቱ።

«ከበሮ ምን ያደርግልኛል?»

አንድ ነገር ግን አሁንም ይጎድላል። ሱቁ ውስጥ ድምፁ ደረቅ ነው፤ የካሴቱ ደግሞ ከሩቅ ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣ ይመስላል። ሳሎን ሞከረ፣ ኮሪደር ሞከረ። የልጁን ክፍል ግን ከቀብሩ ወዲህ ከፍቶት አያውቅም፤ ቴፑንም ጊታሩንም አምፑንም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። በስተመጨረሻ እሱው ከፈተው። አምፑን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙሮ አስቀመጠ፣ ቴፑን አልጋው ላይ አኖረ። የልጁ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሲጥ አለበት።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ቴፑን ለቀቀና አብሮት መታ። ሁለቱ ጊታሮች ተደራርበው አንድ ሆኑ። የትኛው የካሴቱ፣ የትኛው የሱ እንደሆነ ጆሮ የተባለው ሰውም መለየት አቃተው።

«መጣ!» አለች ሚስቱ። «መጣልህ እኮ!»

ሰውዬው ጊታሩን እንዳቀፈ ተንሰቀሰቀ። «ልጄ፣ ይኸው አመጣሁልህ። ይቅር በለኝ፣ አባቴ።»

ቴፑን የሚያጠፋ አልነበረም። የመጨረሻዋ ድምፅ ሳሳች፣ ሳሳችና ጠፋች። ከካሴቱ ውስጥ በር በጡጫ ተደበደበ፤ ቀጥሎም የገዛ ራሱ ድምፅ ተሰማ።

«አልመጣም!»