አልከሳ ያለችው የካሣ መኪና

የአሰብ ሰው ካሣን «መኪናውን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳል» ብሎ ያማዋል። ሐሰት ነው፤ ሚስት አልነበረችውም። የነበረችው አንዲት አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ናት፤ ጣልያን ጥሏት የሄደ፣ ዳገት ላይ እንደ ባልቴት የምታቃስት የጭነት መኪና። እንጀራውም ዘመዱም እሷ ነበረች።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አንድ ዓመት አዲስ ቀረጥ መጣ። የጭነት መኪና ሁሉ ባዶውን ተመዝኖ እንደ ክብደቱ ይከፍላል ተባለ። እስከ ሰባት ቶን ያለው በትንሹ ይገላገላል። ከዚያ ያለፈ ግን ከትልልቆቹ ተርታ ይመደባል፤ የትልልቆቹ ቀረጥ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። ካሣ ያንን የሚከፍልበት አቅም የለውም። መኪናዋ ካለፈች መሸጥ ነው፤ ሌላ መላ አልነበረም።

ሚዛኑ ከከተማው መውጫ ላይ ነበር። መኪና ከነተሳቢው የሚያቆም ሰፊ ብረት መሬቱ ላይ ተነጥፏል፤ የባሕሩ ነፋስ አሸዋ እያለበሰው ዳርና ዳሩ አይለይም። ከጎኑ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አለች። መዛኙ በዛብህ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ በትንሽ መስኮት ቁጥር ይጠራል፤ በመስኮቷ የሚታየው የቆመው መኪና ጎን ብቻ ነው። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። አይስቅም፣ ከጎጆው አይወጣም፣ ሰላምታም በግድ ነው የሚመልሰው። ካሣ ገና ሲያየው ጠላው።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሚዛኑ ላይ አቁሞ ወረደ። ወዳጁ ዓብዱልዋሂድ አይዞህ ሊለው አብሮት መጥቷል፤ ወደብ ላይ ጸሐፊ ነው፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ። ሁለቱም የመኪናዋ ጥላ ውስጥ ገቡ። በአሰብ ፀሐይ ሌላ ምን ይደረጋል።

«አንድ ኩንታል ተኩል አልፏል» አለ በዛብህ በመስኮቱ።

ካሣ ራሱን ያዘ። ሀብቴ የደረሰው ይሄኔ ነው። ሀብቴ የሦስት መኪና ጌታ ነው፤ ይቺንም ሽጥልኝ እያለ ስንቴ ደጅ ጠንቶታል። ካሣ በዚህ የተነሳ ዓይኑን ማየት አይወድም ነበር። ዛሬ ግን ሰውየው አዘነለት።

«ዕቃዋን አራግፍላት እንጂ ወንድሜ፤ ምን ያስጨንቅሃል? ሰው እኔ እጠራልሃለሁ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለው።

ጠራም። ከነዳጅ ማጣሪያው ፈረቃ የሚወጣውን፣ ከበይሉል መንደር ዓሣ ይዞ የመጣውን፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ካሣን እርዱት፤ እዚያ ጥላም አለ» እያለ ሰደደለት። እሱ ራሱ መሐረቡን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ከቆርቆሮዋ ጎጆ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆመ።

«አንተስ ወደ ጥላው አትመጣም?» አለው ካሣ።

«ሐኪሙ ፀሐይ ለወገብ ጥሩ ነው ብሎኛል።»

ካሣ በልቡ አፈረ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለ።

ትርፍ ጎማው ወረደ። ክሪኩ፣ የመፍቻው ሣጥን፣ የውሃው በርሜል ወረደና መንገድ ዳር ተከመረ። ሰዉ ላቡን እየጠረገ ተመልሶ ጥላው ሥር ተጠጋጋ።

«ሦስት ኩንታል አልፏል» አለ በዛብህ።

«ስናወርድላት ነው የምትወፍረው?» አለ ካሣ።

አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጂን ተሳፍሮባታል አለ። ከማጣሪያው የመጣው ደግሞ የባሕር እርጥበት ጠጥታ ነው ብሎ በሳይንስ አስረዳ። ዓብዱልዋሂድ ሁለቱንም አልሰማቸውም።

«ያ ሰውዬ ነው በእጁ የሚጫነው፤ ቆይ» አለና ሄዶ መስኮቱ ላይ ተተከለ።

ቁጥሩ ወዲያው አንድ ኩንታል ገደማ ወረደ።

«አያችሁ፣ ሲያዩት ፈራ» አለ ካሣ።

ዓብዱልዋሂድ ግን ፀሐዩን አልቻለውም። አናቱ ሲግል ወደ ጥላው ተመለሰ፤ ቁጥሩም አብሮት ተመለሰ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«እጅህን አንሣ አንተ ሰው፤ የድሃ እንጀራ ነው የምትነካው» አለ ካሣ።

በዛብህ ሁለት እጆቹን በመስኮቱ አውጥቶ አሳየ። «እጄ ይኸው። ጀንበር ሳትጠልቅ እዘጋለሁ፤ የመጨረሻው ሚዛን ነው የሚጸድቀው» አለ።

ያኔ መኪናዋ ተገፈፈች። የጎን ሳንቃዎቿ፣ ስፖንዳዎቿ፣ ተነቀሉ፣ ሸራዋ ተጠቀለለ፣ የሹፌሩ ወንበር ሳይቀር ወጣ። ካሣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የገብርኤልን ሥዕል እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ኪሱ ከተታት። ወሬው ከተማ ገብቶ ኖሮ የዓብዱልዋሂድ ሚስት ዙሌይኻ ጎረቤቶቿን አስከትላ ውሃ ይዛ ደረሰች። ሁሉም ካሣን ከበው የመኪናዋ ጥላ ሥር ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሀብቴም ከወዲያ ማዶ ሰው መላኩን አልተወም።

«አምስት ኩንታል አልፏል። ልዘጋ ነው» አለ በዛብህ።

ካሣ እዚያው ቁጭ አለና እንባው መጣ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አላህ ያውቃል» አለችው ዙሌይኻ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ።

«ካሣ» ብሎ ተጣራ ሀብቴ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ። «ና ወንድሜ። ኪሣራም ቢሆን መኪናዋን እኔ እገዛልሃለሁ።»

የጠራው ዋጋ የአህያ ዋጋ ነበር። ግን በዚያ ክብደት ሌላ ማን ይገዛል? ካሣ ሄዶ እጅ ለእጅ ተማቱ፤ ዓብዱልዋሂድ ከጥላው ሆኖ ምስክር ነኝ አለ። ካሣ ሀብቴን አቅፎ ሳመው።

«ጠላቴ መስለኸኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለው።

«ምንም አይደል» አለ ሀብቴ። ወደ መስኮቱም ዞሮ «አቶ በዛብህ፣ ሳይዘጉ አንዴ ይመዝኑልኝ፤ እንግዲህ የኔ ናት» አለ። ከዚያ መሐረቡን ከአናቱ አንሥቶ ጥላው ውስጥ ወደ ቆመው ሕዝብ አውለበለበ።

«በሉ ወገኖቼ፣ አሁን ሁላችሁም ከሚዛኑ ላይ ውረዱልኝ።»