ከማሽላው ማሳ የወጡ ሳንቲሞች

ኸይረዲን ከአጣዬ ከተማ በታች ባለው ማሳቸው ውስጥ ተንበርክኮ፣ የብረት መፈለጊያው መሣሪያ የጮኸበትን አፈር በጣቱ ጫረ። ዐረብኛ የተጻፈባቸው ሦስት የጥንት የብር ሳንቲሞች ወጡ። በምራቁ ጠረጋቸውና ተጣራ።

«ሩቂያ! አልሐምዱሊላህ፣ አገኘን!»

ሚስቱ ከማሳው ዳር እየሳቀች ወደ እሱ ሮጠች። መሣሪያው ግን አሁንም ይጮኻል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ከጦርነቱ የተረፈ ያልፈነዳ ቦንብ ከጉድጓዱ ጭራውን አውጥቷል።

«ቁሚ! እንዳትመጪ!»

«ብቻህን ልትወስደው ነው?» አለች፤ ቀልድ መስሏት ሩጫዋን አልገታችም።

ኸይረዲን ክንዱን አወናጨፈና ሳንቲሞቹን በአናቷ ላይ አሳልፎ ወደ መጣችበት መንገድ ወረወራቸው።

«አብደሃል እንዴ!» ብላ ዞረች፤ ተከትላቸውም ሮጠች። እየተሳደበች ስትርቅ ሲሰማ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ በእንብርክኩም ቀስ እያለ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ።