የልብ የለሹ ስም

በእሸት በቆሎ በዓል ላይ አዋጅ ነጋሪው የወጣቱን አዲስ ስም አራት ጊዜ ጠራ፤ «ፊክሲኮ!» ልብ የለሽ ማለት ነው፤ ጥንት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሙስኮጊዎች ጦር ሜዳ ላይ ፍርሃት ለማያውቅ ሰው ያወጡት ስም።

«ዶሮ ሲታረድ የሚሸሸው?» አለች እህቱ ከሴቶቹ መሃል። ሳቁ ከዳሱ እስከ እሳቱ ተከተለው። ስሙን የሚያወርሰው የእናቱ ወንድም ከስሙ ጋር የሚሰጠውን ትንባሆ ዘረጋለት።

«አጎቴ፣ ይቅርብኝ። እኔ ፈሪ ነኝ» አለ ወጣቱ በሹክሹክታ።

«እኔስ? የዘመትኩበት ጦርነት እስኪያልቅ ከምሽጉ ቀና ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ ስሙን እንዴት ተቀበልክ?»

«ያወረሰኝ አጎቴም ያንኑ ነው የነገረኝ። በል ያዝና ፎክር!»

ትንባሆውን ጨብጦ ፎከረ። የእህቱ ሳቅ ቀጥ አለ።