የገበያው አፍንጫ

የገበያው አፍንጫ የሚሏት ሴት ሽሮና በርበሬ ከየትም ትገዛለች፤ ቅቤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከነጋዴዋ ከአመለወርቅ ብቻ ነው። ይህች ደንበኛዋ አሽትታ ካልመሰከረች ገበያተኛው ብሩን ከኪሱ አያወጣም። ባለፈው ክረምት የያዛት ጉንፋን ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት እንደሄደ ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ዛሬም ከቅቤው በጥፍሯ ጫር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቅቤ ማለት ይሄ ነው!»

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ተሻምተው ገዙ፤ ቅርጫቱ ባዶ ቀረ። ይሄኔ አመለወርቅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ከጉንፋንዎ ወዲህ ሞራ የደባለቅኩበትን ሁሉ የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ ግን ንጹሑን ለብቻው አስቀምጬልዎታለሁ» ብላ በኮባ የተጠቀለለ አንድ ኪሎ ሰጠቻት።

ተቀበለችና እንደ ልማዷ አሸተተችው።