ወደ ሮተርዳም እንዳትሄድ ፓስፖርቷን የደበቀችባት ጓደኛ

ሻንጣው አልጋው ላይ ተዘርግፏል... ፓስፖርቱ ግን የለም።

ፀገነት ትራሱን ገለበጠች፣ ፍራሹን አነሳች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር በረበረች።

ከፎቁ ሥር ኤርፖርት የሚያደርሳት የታክሲ ሹፌር ባፈና ለሦስተኛ ጊዜ ክላክሱን አስጮኸ።

አብራት የምትኖረው አለምወርቅ በሩን ተደግፋ ታያታለች።

"አትድከሚ" አለቻት በመጨረሻ። "እኔ ጋ ነው። አልሰጥሽም።"

ይህ የሆነው ጆሃንስበርግ፣ ሂልብሮው ውስጥ ነው... 2013 ዓ.ም ሐምሌ ላይ፣ ኮሮና ከተማውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያምስ።

የፀገነት ባል ኪዳን ሆላንድ ነው የሚኖረው። ሮተርዳም ወደብ ላይ ኮንቴነር ያስራል።

ከተለያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ለቪዛው ሲባል ደች ቋንቋ ተምራ፣ ፕሪቶሪያ ድረስ ሄዳ ተፈትናለች... አልፋለችም።

ሁሉም ቤቱ በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ኪዳን ስልኩን ይዞ እየዞረ ከተማውን በቪዲዮ ያሳያት ነበር። ወንዙን... ረጅሙን ነጭ ድልድይ... ሰፈር የሚያካክሉትን መርከቦች።

ከሂልብሮው መንገዶች ይልቅ የሮተርዳምን ለይታ ታውቃለች ቢባል ማጋነን አይደለም።

ቪዛው ከመጣ በኋላ መቀመጥ አቃታት። ልብስ ሻንጣ ውስጥ ታስገባለች፣ መልሳ ታወጣለች... መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ካልሲ በምትሸጥበት ጥግ ደንበኛ ሲያናግራት አፏ ይመልሳል፣ ልቧ ግን እዚያ የለም።

በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ተመረመረች።

ፖዘቲቭ...

ትንሽ ሳል ብቻ ናት አለች። ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ሄዳ "ኔጋቲቭ" የሚል ወረቀት የሚሠራ ደላላ አገኘች።

አለምወርቅ ለመነቻት። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማይ ላይ ነሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ማን ይደርስልሻል? አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰውስ ምን በደለ? አለቻት።

ፀገነት አልሰማቻትም። ቪዛው በሳምንት ውስጥ ይቃጠላል... አራት ዓመት ጠብቃ ማን በሳል ይቀራል?

እንግዲህ በጉዞዋ ዕለት ነው ፓስፖርቱ የጠፋው።

"ቅናት ነው" አለቻት ፀገነት። "ያንቺ የጥገኝነት ወረቀት ስንቴ ተመለሰ? አንቺ መውጫ ስላጣሽ እኔም እዚሁ እንድበሰብስ ነው የምትፈልጊው።"

የአለምወርቅ ፊት ተለወጠ።

ተናነቁ። ገላጋይ እንኳን አልነበረም። ፓስፖርቱ ለካ ቤቱ ውስጥም የለም፤ አለምወርቅ ጠዋቱን ሌላ ሰው ጋ አስቀምጣዋለች።

ባፈና ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። አውሮፕላኑም ሄደ።

በማግስቱ ሲነጋ... አውሮፕላኑ ሆላንድ ገና ሳይደርስ... ፀገነት ከአልጋዋ ልትነሳ ሞክራ አቃታት። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ሊፍቱ ከተበላሸ ወር አልፎታል። አለምወርቅ ባፈናን ጠራችው፤ ለሁለት በብርድ ልብስ ተሸክመው ዘጠኝ ፎቅ አወረዷት።

ሁለት ሆስፒታሎች አልጋ የለም አሏቸው። ሦስተኛው ተቀበላት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተነፈሰች።

ስለ በረራው ስትነግረው ሐኪሙ፣ ተሳፍረሽ ቢሆን በሕይወት መድረስሽን እጠራጠራለሁ አላት።

እና አለምወርቅን አመሰገነቻት?

አላመሰገነቻትም። ያተረፈኝ ፈጣሪ ነው፣ የእሷ ሐሳብ ክፋት ነበር አለች። ዕቃዋን ሰብስባ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር፣ የአጎቷ ልጅ ይገረም ጋ ገባች።

አለምወርቅ ፓስፖርቱን በባፈና እጅ ላከችላት።

ቪዛው በስንት ደጅ ጥናት እንደገና ወጣ። በሰባተኛው ወር ፀገነት ሳትሰናበታት ሄደች።

ሮተርዳም እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን "ምቀኛ" ታነሳለች። ሰው ይስቃል... ይረግማል... ኪዳን ግን ወሬው ሲጀመር ሰበብ ፈልጎ ይወጣል።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ኪዳን ወንዙ ዳር ቆም አለ።

"ፀጊ... ፓስፖርትሽን ያስደበቅኩት እኔ ነኝ።"

የሚቀልድ መሰላት።

አለምወርቅ በበረራው ዕለት ጠዋት ደውላለት ነበር። እኔን አልሰማ ብላለች፣ አንተ ንገራት ብላው። ኪዳን ግን ፈራ። ጉዳዩ በዘገየ ቁጥር ፀገነት "እዚያ ሌላ ሴት አለችህ" ትለው ነበርና፣ አትምጪ ቢላት ትዳሩ እንደሚፈርስ ታየው። ስለዚህ አለምወርቅን ለመናት... ደብቂልኝ አላት።

"ሆስፒታል ስትገቢ ልነግርሽ ነበር" አለ። "እሷ ከለከለችኝ። 'የምትኖረው ካንተ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። ባንተ ቂም ከምትይዝ እኔን ትጥላኝ' አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ... ያንቺ በሽታ ይዟት ለብቻዋ ስትማቅቅ እንኳን ዝም አልኩ።"

ፀገነት መቆምም መቀመጥም አቃታት። ጥላው ወደፊት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች።

ከዚያ ስልኳን አወጣች።

ሄሎ የሚለው ድምፅ ሲመጣ ያዘጋጀችው ይቅርታ ሁሉ ጠፋባት። አለቀሰች እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም።



"ፀጊ ነሽ አይደል?" አለች አለምወርቅ። "ወደቡ አካባቢ ነፋሱ ክፉ ነው ይላሉ። ደህና አድርገሽ ትለብሻለሽ?"

ወዳጆቼ... መንገድ የዘጋብን ሁሉ ጠላታችን አይደለም። ነፍሳችን እንዳትጠፋ ብሎ የራሱን ስም የሚያስጠፋ ሰው አለ። እሱን ለማወቅ አንዳንዴ ዓመት ይፈጃል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በአለምወርቅ ቦታ ብትሆኑ ፓስፖርቱን ትደብቁ ነበር? ኪዳንስ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም በማለቱ ይቅር ይባላል? ኮሜንት ላይ የልባችሁን ጻፉ።